ብዊንዲ ላይ ሎጅ ስትመርጡ መጀመሪያ ፐርሚቱን፣ ቀጥሎ ጓሮውን እዩ

ሌላም ሰው ስለሚያነበው ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመውና ልጀምር። አንቺ፣ ባለቤትሽና የደም ግፊት መድሃኒት የሚወስዱት የ67 ዓመት እናትሽ ሰኔ መጨረሻ ላይ ኡጋንዳ ሄዳችሁ ብዊንዲ ጫካ ጎሪላ ልታዩ አስባችኋል፣ ያየሽው ሎጅ በሙሉ ኢኮ ሎጅ (ተፈጥሮን የማይጎዳ ማረፊያ) ነኝ ይላል፣ አንዱ ለአዳር 70 ዶላር ሲጠይቅ ሌላው 900 ይላል፣ ንኩሪንጎ ያለ አንዱን በፎቶ ወደሽዋል፣ ግን ክፍያው ተመላሽ የለውም። ልክፈል ወይ፣ እውነተኛውን ኢኮ ከስመ ኢኮ በምን ልለየው ነው ያልሽው።

እህቴ አትክፈዪ። ቢያንስ ዛሬ አትክፈዪ። ሎጁ መጥፎ ነው ብዬ አይደለም፣ ፐርሚት (የጎሪላ ማያ ፈቃድ) ሳትይዢ ሎጅ መያዝ ሙሽራ ሳይገኝ ድንኳን መትከል ስለሆነ ነው።

እኔ ካምፓላ ተቀምጬ የጉዞ ፕላን ስሰራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፣ ብዊንዲን በተመለከተ ደግሞ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ብዊንዲ አንድ በር ያለው ፓርክ አይደለም። 331 ካሬ ኪሎሜትር አካባቢ የሆነ ገደላገደል ጫካ ነው፣ የጎሪላ ጉዞ የሚጀመረው ደግሞ ከአራት የተለያየ ቦታ ነው፣ በሰሜን ቡሆማ፣ በምስራቅ ሩሂጃ፣ በደቡብ ሩሻጋ፣ በደቡብ ምዕራብ ንኩሪንጎ። የምትገዢው ፐርሚት ላይ ከአራቱ አንዱ ይጻፋል፣ በዛ ቀን በዛ ቦታ ካልተገኘሽ ቀረ ማለት ነው። ካርታ ላይ ስታዪው ቡሆማና ንኩሪንጎ እጅ ለእጅ የሚጨባበጡ ይመስላሉ፣ መሀላቸው ግን ጫካው አለ፣ መኪና ዙሪያውን ስለሚዞር ሰዓታት ይፈጃል፣ በጫካው ውስጥ የሚያቋርጥ የእግር መንገድ አለ እሱ ግን ከጠባቂና ከመሪ ጋር ግማሽ ቀን ወይም ከዛ በላይ የሚያስኬድ ነው። ሬንጀሮቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) ገለጻ የሚሰጡት ደግሞ ጠዋት በኛ አቆጣጠር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ነው፣ ማንንም አይጠብቁም።

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። ሥራውን በጀመርኩ ዓመት አንድ ቤተሰብ ቡሆማ የሚያምር ሎጅ አስያዝኩላቸው፣ ፐርሚቱ ኋላ ሲወጣ ሩሻጋ ሆነ፣ እኔም ያው ሁለቱም ብዊንዲ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሰዎቹ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስተው፣ ህፃን ልጅ እንቅልፉን ሳይጨርስ ከሎጅ ሰራተኛ ጋር ጥለው፣ በጭቃ መንገድ እየተናጡ ሄደው ለጥቂት ደረሱ። የዛን ቀን አባትየው ስልክ ደውሎ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ያን ሁሉ ዶላር የከፈሉበት ቁርስ ደግሞ ቡሆማ ቀርቷል።

ስለዚህ ተራው ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ፐርሚት፣ ከፐርሚቱ ሴክተር (ከአራቱ መነሻ ቦታዎች አንዱ)፣ ከሴክተሩ ሎጅ። ሰኔ መጨረሻ ማለት በፈረንጁ ጁላይ መጀመሪያ ነው፣ እናንተ ጋ ክረምት ሲገባ እዛ ደረቁ ወቅት ነው፣ ፈረንጅ የሚጎርፈውም ያኔ ስለሆነ ፐርሚቱ ከወራት በፊት ያልቃል። ለአንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን ስምንት ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ያውም ለአንድ ሰዓት። ባይ ዘ ዌይ የፐርሚቱን ዋጋ 800 ዶላር ብለሽ ጽፈሻል፣ እሱ ከአፍሪካ ውጪ የመጣ ጎብኚ ዋጋ ነው። ከጁላይ 2024 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የኡጋንዳ የዱር እንስሳት ባለስልጣን ከምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አባላት ውጪ ላለን አፍሪካውያን 500 ዶላር አድርጎታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ ለሦስት ሰው 900 ዶላር ተረፈሽ፣ አስጎብኚው ዝም ብሎ 800 ካሰበብሽ ለምን በዪው። ባለቤትሽ የውጭ ፓስፖርት ከሆነ የያዘው ግን እሱ 800 ይከፍላል።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ፣ ጥያቄሽ ውስጥ በአንድ መስመር ነው ያለፍሻቸው፣ ለኔ ግን ዋናው ጉዳይ እሳቸው ናቸው።

የወደድሽው ንኩሪንጎ ሸንተረር ላይ ነው ያለው፣ እይታው ወደር የለውም፣ ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ የቪሩንጋ እሳተ ገሞራ ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ፣ ፎቶው አልዋሸሽም። ግን ሸንተረር ላይ ማደር ማለት ጎሪላዎቹ ያሉት ከታች ሸለቆ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ጠዋት ትወርዳላችሁ፣ ደክሟችሁ ደግሞ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ጉልበት ያለው ሰው ቁልቁለቱን ሲወርድ ይስቃል፣ ሲወጣ ነው ወሬ የሚያቆመው። ሩሂጃ ከሁሉም ከፍ ያለና ብርዳም ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ሩሻጋ ብዙ የጎሪላ ቤተሰቦች ስላሉበት ፐርሚት የማግኘት እድልሽ እዛ ይሰፋል፣ መሬቱ ግን ወጣ ገባ ነው። ቡሆማ ዝቅ ይላል፣ 1,500 ሜትር አካባቢ፣ መንገዶቹም ከሌላው ጋር ሲወዳደሩ ይሻላሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዊንዲ ኮሚዩኒቲ ሆስፒታል እዛው መንደር ውስጥ አለ። ለ67 ዓመት ሰው ከመዋኛ ገንዳ ሆስፒታል ይበልጣል።

እርግጥ ጎሪላ ቀጠሮ አያከብርም፣ ቡሆማም ሆነሽ አምስት ሰዓት ሙሉ በእግር ልትሄጂ ትችያለሽ። ሁለት ነገር ግን ያግዛል። ጠዋት ገለጻ ላይ ለሬንጀሩ እናቴ ትልቅ ሰው ናቸው ብለሽ በግልጽ ተናገሪ፣ ቡድን የሚደለደለው እዛው ስለሆነ ቅርብ ወዳለው ቤተሰብ ሊመድቧችሁ ይሞክራሉ፣ አፍረው ዝም የሚሉ ሰዎች ናቸው ሩቁ የሚደርሳቸው። ሌላው ሄሊኮፕተር የሚባለው ነው፣ አትደንግጪ፣ የሰፈሩ ልጆች ትከሻ ላይ ተሸክመው የሚያደርሱት ወንበር ነው፣ ተራ በተራ እየተቀያየሩ ነው የሚሸከሙት፣ ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር ይደርሳል ግን ለብዙ ቤተሰብ የሚከፋፈል ገንዘብ ነው። እናቶቻችን መጀመሪያ እሬሳ አስመሰላችሁኝ እንዴ ይላሉ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እጅ እያውለበለቡ ፎቶ ይነሳሉ። ይሄን አይቼዋለሁ።

ወደ ኢኮው እንግዲህ። ኢኮ የሚለውን ቃል በር ላይ ለመጻፍ ቀለም ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ማንም መጥቶ አያጣራም። የሳር ጣሪያ ኢኮ አያደርግም፣ የቀርከሃ መጋረጃም አያደርግም። አንዳንዱ ጂ ኤስ ቲ ሲ (ዓለም አቀፉ የዘላቂ ቱሪዝም ካውንስል) ሰርተፋይድ ነን ብሎ ይጽፋል፣ እሱ ካውንስል መስፈርት አውጥቶ ለሌሎች መርማሪዎች እውቅና ይሰጣል እንጂ ራሱ ሎጅ አይመሰክርም፣ ስለዚህ ማን ነው የመረመራችሁ፣ በስንት ዓመተ ምህረት ብለሽ ብትጠይቂ ነገሩ ይጠራል።

ብዊንዲ ላይ ግን ኢኮ መሆን የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የጤና ጉዳይ ነው። ጎሪላን የኛ በሽታ ይይዘዋል። 1996 (እ.ኤ.አ) እዚሁ ብዊንዲ አንድ የጎሪላ ቤተሰብ እከክ ገባበትና ጠጉራቸው እየረገፈ ግልገል ሞተ፣ ምንጩ ሲጣራ በፓርኩ ዳር ከሚኖረው፣ የጤና አገልግሎት ከማያገኘው ህዝብ መሆኑ ታወቀ። የዛኔ ያከመቻቸው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ ናት፣ ሰውን ሳታክሚ ጎሪላን ማዳን አይቻልም ብላ ኋላ የራሷን ድርጅት አቋቋመች። ቡሆማ ላይ ጎሪላዎች አንዳንዴ ከጫካ ወጥተው ሎጅ ግቢ ውስጥ ይንጎራደዳሉ፣ እንግዳው በደስታ ያብዳል፣ እኔ ግን ሁሌ የሚታየኝ ከኋላ ያለው የቆሻሻ ጉድጓድ ነው። ቲሹ፣ የተጣለ ማስክ፣ የምግብ ትራፊ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ያቺ ጎሪላ እጇን ትከታለች። ለዛ ነው ሎጅን በጓሮው እንጂ በበረንዳው አልመዝነውም የምለው።

አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው፣ ድረ ገጹ በሙሉ አረንጓዴ ቅጠል የሆነ ሎጅ ለደንበኛ ልመርጥ ሄድኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ፕላስቲክ አንጠቀምም የሚል በእንጨት የተቀረጸ ጽሑፍ፣ ወረቀት ስትሮው፣ ምናምን። ማናጀሩ ቡና ሊያስመጣ ሲሄድ እኔ በወጥ ቤቱ በኩል ዞርኩ። ከኋላ ቁልቁለቱ ላይ ግማሹ የተቃጠለ የውሃ ፕላስቲክ ክምር አለ፣ ጭሱ ገና አልጠፋም፣ ካቬራው (እዛ ፌስታልን እንደዛ ነው የሚሉት) ቀልጦ ድንጋይ ላይ ተጣብቋል፣ ከሻወር የሚወጣው ውሃ ደግሞ በተሰበረ ቱቦ ነጭ አረፋ ይዞ ወደታች ይወርዳል። ከታች ሁለት ልጆች በቢጫ ጀሪካን ውሃ እየቀዱ ነበር። ቡናውን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

አንቺ ሄደሽ ጓሮ ማየት አትችዪም፣ ስለዚህ በኢሜይል ወይም በዋትስአፕ ጠይቂ። እኔ የምጠይቀው ውበቱን አይደለም። የሻወርና የሽንት ቤት ውሃችሁ የት ይገባል እላለሁ። በደንብ የሚሰራ ቦታ ሴፕቲክ ታንክ (ከመሬት በታች ያለ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) አለን፣ ማጣሪያው እንዲህ ነው፣ ከወንዙ ይሄን ያህል ይርቃል ብሎ ይመልሳል፣ ሌላው ተፈጥሮን እናፈቅራለን ይልሻል። ፕላስቲክና ጠርሙሱ በማን መኪና ወዴት ይወሰዳል እላለሁ፣ እዛ አካባቢ ቆሻሻ የሚሰበስብ ማዘጋጃ ቤት በራፍሽ ስለማይመጣ መልሱ ካልተዘጋጀ ይቃጠላል ማለት ነው። ውሃ የምታሞቁት በምንድነው እላለሁ። ሶላር ከሆነ እሰየው፣ ብዙዎቹ ግን ዶንኪ የሚሉት አላቸው፣ ከውጭ በእንጨት የሚነድ በርሜል ነው፣ እሱም በራሱ ነውር አይደለም፣ እንጨቱ ምንድነው ነው ጉዳዩ። ባህር ዛፍ ከገበሬ ማሳ የተገዛ ከሆነ ለገበሬውም ገቢ ነው፣ ከጫካው የመጣ ወፍራም የሀገር በቀል ግንድ ከሆነ ግን አንቺ የምትታጠቢው ልታዪው በመጣሽው ጫካ ነው። የተከመረው እንጨት ፎቶ ላኩልኝ ብለሽ ለመጠየቅ አትፈሪ፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ ባህር ዛፍን ደግሞ ኢትዮጵያዊ ከሩቅ ያውቀዋል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር በጣም አጥብቄ ልንገርሽ። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ አንዳንድ ርካሽ ቦታ ከሰል ያለበት ምድጃ ክፍል ውስጥ ወይ ድንኳን ውስጥ ሊያስገቡላችሁ ይችላሉ፣ እንክብካቤ ነው የሚመስላቸው። አይሆንም በዪ። ጭስ ባይኖረውም ይገድላል፣ እኛ ሀገር ስንት ሰው በከሰል እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። ደህና ሎጅ በጎማ ከረጢት ሙቅ ውሃ ሞልቶ አልጋ ውስጥ ይከትልሻል፣ ማታ ብርድ ልብስ ስትገልጪ ድመት የተኛ ነው የሚመስለው፣ ለእናትሽ ሁለት አስደርጊላቸው።

መብራትን በተመለከተ ብዙው ሶላር ነው፣ ማታ የተወሰነ ሰዓት ጄኔሬተር የሚያበሩም አሉ። ስልክ ቻርጅ የሚደረገው በጋራ አዳራሹ ብቻ የሆነበት ቦታ አለ፣ ፀጉር ማድረቂያማ እርሺው። እናትሽ ፍሪጅ የሚፈልግ መድሃኒት ካላቸው፣ ኢንሱሊን ለምሳሌ፣ ፍሪጃችሁ ሌሊቱን ሙሉ ይሰራል ወይ ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ፣ አዎ ፍሪጅ አለን የሚለው መልስ በቂ አይደለም። ከዋናው አዳራሽ እስከ ክፍሉ ስንት ደረጃ አለ የሚለውንም ጨምሪ። ብዊንዲ ላይ ሜዳ የለም፣ እይታው ያማረ ክፍል ማለት ብዙ ጊዜ ከታች ጫፍ ላይ ያለው ክፍል ነው፣ ለእራት መቶ ምናምን ደረጃ በባትሪ መውጣት ማለት ነው።

የዋጋው ልዩነት ያደነጋገረሽ ግማሹ በአጻጻፍ ነው። 900 ያለሽ ምናልባት የሁለት ሰው ነው፣ ምናልባት ደግሞ የአንድ፣ ፐር ፐርሰን ሼሪንግ የሚል ካለ አንድ ክፍል ለሚጋሩ ሁለት ሰዎች የእያንዳንዳቸው ዋጋ ነው፣ ሦስተኛ ብቻውን የሚያድር ሰው ካለ ሲንግል ሰፕልመንት ብለው ይጨምሩበታል፣ እናትሽ ማለት ናቸው። ፉል ቦርድ ከሆነ ሦስቱም ምግብ አለበት። የ70ው አልጋና ቁርስ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በዛ መንደር ደግሞ ወጣ ብሎ ሬስቶራንት መምረጥ የለም። ርካሾቹ ላይ ሴልፍ ኮንቴይንድ የሚል ታገኛለሽ፣ ሻወርና ሽንት ቤቱ ክፍሉ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ካላለ ውጪ ነው፣ ለትልቅ ሰው ሌሊት በዝናብ መውጣት አይሆንም።

ርካሽ ስለሆነ ግን አትናቂ። ቡሆማ መግቢያው ጋ ያለው የማህበረሰቡ ካምፕ፣ ቡሆማ ኮሚዩኒቲ ረስት ካምፕ፣ ቱሪስት መምጣት ከጀመረበት ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ያለ ነው፣ ትርፉ ለሰፈሩ ይሄዳል፣ ቅንጦት የለውም፣ ቦታው ግን ጫካው አፍንጫ ላይ ነው። ውድ ከሚባሉት ውስጥም ንኩሪንጎ ያለው ክላውድስ የሚባለው ሎጅ የማህበረሰቡ ድርጅት ድርሻ ያለበት ነው። ስለዚህ ዋጋው ስለ ኢኮነቱ ምንም አይነግርሽም፣ መሬቱ የማን ነው፣ ከሰራተኛው ስንቱ የዚሁ መንደር ልጅ ነው፣ ማናጀሩስ ከየት ነው የሚለው ይነግርሻል። እውነቱን ለመናገር እኔ ከሶላሩም ከሴፕቲኩም ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያሳምነኝ፣ ምክንያቱም ሰፈሩ ከጎሪላው ካልተጠቀመ ጫካውን የሚጠብቀው የለም።

ባትዋዎችን አስቢ። ጫካው ውስጥ የኖሩት እነሱ ናቸው፣ 1991 (እ.ኤ.አ) ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ያለ መሬት እንዲወጡ ተደረገ። አንዳንድ ሎጅ ማታ እሳት ዙሪያ ያስጨፍራቸዋል። ቡክ ከማድረግሽ በፊት ክፍያው ለማን ነው፣ ለእነሱ በቀጥታ ነው ወይስ በሎጁ በኩል ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱ ከተንተባተበ ፕሮግራሙን ተዪው።

ሪቪው ስታነቢ አምስት ኮከቡን ዝለዪው፣ ጎሪላ አይቶ የተመለሰ ሰው ለአህያ ጋጥም አምስት ኮከብ ይሰጣል። ሦስት ኮከብ የሰጡትን፣ በተለይ በዝናቡ ወር፣ ከማርች እስከ ሜይ ወይም ኖቬምበር ላይ የሄዱትን አንብቢ፣ ጣሪያው የሚያፈሰውና መኪና የሚሰምጥበት ያኔ ነው የሚታወቀው።

መንገዱንም ከሴክተሩ ጋር አያይዢው። ሩሻጋ ወይ ንኩሪንጎ ከደረሳችሁ የኡጋንዳው አየር ማረፊያ ኢንቴቤ ከመውረድ የሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ መውረድ ይሻላችኋል፣ በሲያኒካ ድንበር በኪሶሮ በኩል ግማሽ ቀን ነው። ቡሆማ ከሆነ ግን ከኢንቴቤ በትንሽ አውሮፕላን ኪሂሂ፣ ከዛ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሻንጣ 15 ኪሎ ብቻ ስለሚፈቀድ ጋቢውን ሁሉ አትጫኚ። ከኢንቴቤ በመኪና ከመጣችሁ ከዘጠኝ እስከ አስር ሰዓት ስለሚፈጅ እናትሽን መንገድ ላይ ምባራራ ከተማ አሳድሪያቸው። የቢጫ ወባ ካርድ ግዴታ ነው፣ የወባ መድሃኒት ደግሞ ሐኪማቸውን አማክሪ፣ የደም ግፊት መድሃኒት ይወስዳሉ ብለሻልና። ከመነሳታችሁ በፊት ጉንፋን እንዳይዛቸው ጠብቂያቸው፣ ሲያስል የታየ ሰው ጎሪላው ጋ አይቀርብም።

እኔ ብሆን ቡሆማን ለጁላይ መጀመሪያ ሳምንት አስጠይቃለሁ፣ ካለቀ ሩሻጋን ከሄሊኮፕተሩ ጋር፣ ሁለት ሌሊት ሳይሆን ሦስት ሌሊት፣ ሦስተኛዋ ለጉልበታቸው። የንኩሪንጎውን ሎጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ከባለቤትሽ ጋር ብቻ ሂጂበት። ፐርሚቱ ሲወጣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሴክተርና የያዝሻቸውን ሁለት ሦስት የሎጅ ስም እዚሁ ጻፊልኝ፣ ጓሯቸውን የማውቃቸው ካሉ እነግርሻለሁ።